አይሱዙ በቆርኪ ልክ

የቢራ ቆርኪ ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ከባድ ጭነት መኪና ጎማ ደግሞ ከመሬት እስከ አናቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። እስቲ አካፍሉት! 31 ከምናምን ይወጣል፤ 1 ለ 32 ነው ብንል ማንም አይከሰንም። 1 ለ 32 ምን ብርቅ አለው ለሚል ሰው እነሆ፦ አኦሺማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የከባድ መኪና ሞዴሎቹን በፕላስቲክ ቀርጾ፣ በካርቶን አሽጎ ለዓለም የሚሸጥበት ልክ ይኸው 1 ለ 32 ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ በቆሎው በተሰበሰበበት ማሳ ዳር ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ደግሞ ከአገዳ አይሱዙ ይሠራል። ጎማው ቆርኪ ነው። መኪናው በሙሉ፣ ከጋቢናው አናት እስከ ካሶኒው ጫፍ፣ ከዚያች ቆርኪ ጋር የተመጣጠነ ነው። ስኬል ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው፣ የጃፓን መሐንዲሶች የሚሠሩበት ቁጥር ላይ ቁጭ ብሏል!

ይህን ካየሁ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቅቶኛል። ያገኘሁትን ወዳጅ ሁሉ ይዤ የምተርከው ይህንኑ ነው፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ነገሩ የገባኝ ግን ቀደም ብሎ በእጄ በገባ አንድ ካርቶን ምክንያት ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመዴ ለልጄ ብሎ የታሚያን ቮልስ አመጣ፤ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300፣ 1 ለ 24። ልጄ ገና ትንሽ ስለሆነ እኔ ወረስኩት። ካርቶኑን ስከፍተው መኪና የሚባል ነገር የለም! መቀመጫው ለብቻ፣ መሪው ለብቻ፣ ቸርኬው ለብቻ፣ ሁሉም በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ቁጥር ቁጥሩን ይዞ ተሰድሯል። እያንዳንዱ ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ የተቆረጠበት ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ማጣበቂያው የሚገርም ነው፤ እንደምናውቀው ማስቲሽ በሁለት ነገር መካከል ተጋግሮ የሚቀር ሳይሆን ፕላስቲኩን ራሱን ለቅጽበት አቅልጦ ሁለቱን ቁራጭ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ቀለሙማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በስሱ ይረጫል፣ ይጠበቃል፣ ደግሞ ይረጫል። ለምን ቢሉ፣ መኪናው 24 ጊዜ ሲያንስ የቀለሙ ውፍረት አብሮ አያንስም። አንድ ጊዜ ወፈር ካለ የበሩ መስመር ይደፈናል፤ የቮልሷ ፓራፋንጎ ከአካሏ ጋር የሚገናኝበት ያ የሚያምር ስንጥቅ ይጠፋል፤ በእጅህ ያለችው መኪና ወዲያው መጫወቻ ትሆናለች። በስሱ ከተቀባች ግን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ዓይንህን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርገህ ስታያት፣ የፒያሳ መንገድ ዳር ቆማ ሰው የምትጠብቅ ቮልስ ናት!

የዚህ ጥበብ ታሪክም ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 የሠራው የመጀመሪያ ሞዴል ምን ይመስላችኋል? የጦር አውሮፕላን አይደለም፣ የውድድር መኪና አይደለም። የእርሻ ትራክተር ነው! የፈርጉሰን ትራክተር ሻጮች ለደንበኞቻቸው እንዲያሳዩት የታዘዘ ነበር። ታሚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 በሺዙኦካ ከተማ የእንጨት ነጋዴ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ከእንጨት ሞዴል ይሠራ ነበር፣ ወደ ፕላስቲክ የገባው በ1960 ነው። አኦሺማም እዚያው ሺዙኦካ ነው ያለው። ዓለም በሙሉ የሚያደንቀው የፕላስቲክ ሞዴል ከእርሻ መሣሪያና ከእንጨት ተነሥቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ የጎጃሙ ልጅ በእርሻ ማሳ ላይ ከአገዳ ቢጀምር ታዲያ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ምዕራብ ጎጃም እንግባ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳን እያለ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል፣ ሌላው በጥልሊና በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። አካባቢው የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በቆሎው ከደረሰበትና በርበሬው ከተሰጣበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ መንገድ የማያልፍ የመኪና ዓይነት የለም፤ የአይሱዙዎቹ ኤፍ ኤስ አርና ኤን ፒ አር፣ ሲኖ፣ ተሳቢ፣ ዶልፊን ሚኒባስ፣ ቅጥቅጥ፣ ባጃጅ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ይህን ሁሉ ያያሉ። ድምፁን ሰምተው፣ ገና ሳያዩት፣ የሚመጣው አይሱዙ ይሁን ሲኖ ይናገራሉ። ጭነት ይዞ ይሁን ባዶውን፣ እሱንም ይናገራሉ። ሞዴል ሠሪ ከምንም በፊት የሚያስፈልገው ዓይን ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ያላቸው ዓይን ጉድ ነው!

ማንኩሳ አጠገብ ያገኘሁት ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አይሱዙውን ድንጋይ ላይ አቁሞት ነበር። ከሩቅ ሳየው ጥሩ መጫወቻ መሰለኝ፤ ቀርቤ ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ልነካው ስል፣

«ጋሼ፣ ቀስ አድርገው ይያዙት፤ ባሌስትራው ገና አልጠበቀም» አለኝ።

ባሌስትራ! የአገዳ መኪና ባሌስትራ አለው! ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁት። ከአገዳው ጠንካራ ልጣጭ የተላጡ ሦስት ስስ ዘንጎች አሉ፤ ረጅሙ ከላይ፣ መካከለኛው ከሥሩ፣ አጭሩ ከታች፣ መሐላቸው ላይ በክር ጥፍር ተደርገው ታስረዋል። ካሶኒውን በጣቴ ጫን ሳደርገው ወረድ አለ፤ ስለቀው ተመለሰ። የእውነተኛው ጭነት መኪና ባሌስትራ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ረጅምና አጭር ብረቶች ተደራርበው፣ ጭነት ሲመጣ አብረው ይለመጣሉ፣ ሲነሣ አብረው ይመለሳሉ። የእኔ ውድ ቮልስ እንኳ ይህን አታደርግም!

ግን ባሌስትራውም ይቅር። ጎማዎቹን ስሙኝ።

ኤፍ ኤስ አር ከፊት ሁለት ጎማ አለው፣ ከኋላ አራት፤ ኋለኞቹ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ናቸው። የቆመ አይሱዙ አጠገብ ሄዳችሁ ቸርኬውን እዩት። የፊቱ ቸርኬ ሆዱ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። የኋላው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ስንቶቻችን ይህን አስተውለን እናውቃለን? እኔ ዕድሜ ልኬን በዚህ መንገድ ስመላለስ አላየሁትም። ልጁ አይቶታል። የፊቱን ቆርኪዎች ለስላሳ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ገጥሟቸዋል፤ ወጣ ያለ ሆድ አላቸው። የኋላዎቹን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ ጥንድ አድርጓቸዋል፤ የውጭኛዋ ቆርኪ ጎድጓዳዋን ወደ እኛ አዙራ ትታያለች። ልክ እንደ እውነተኛው! ይበልጥ የሚገርመው፣ በእውነተኛው መኪና ላይም ቸርኬው አንድ ዓይነት ነው፤ ለፊትና ለኋላ የተለየ አይሠራም፣ የሚለየው የሚገጠምበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኋላ ያሉት ጥንዶች ሆድ ለሆድ ተጋጥመው በአንድ ቡሎን ይታሰራሉ። ልጁም በአንድ ዓይነት ቆርኪ፣ በመገልበጥ ብቻ፣ ሁለቱን ቸርኬ አወጣ። ካርቶን ከፍቶ ቁጥር እየቆጠረ የሚገጥም ሰው ይህን የሚያገኘው ተዘጋጅቶለት ነው፤ እሱ ያገኘው አይቶ ነው።

የቆርኪው ዳር ደግሞ 21 ጥርስ አለው። አገር ሳይለይ፣ የቢራም ሆነ የለስላሳ፣ 21 ነው። እነዚህ ጥርሶች አቧራ ላይ ሲሄዱ የጎማ ጥርስ ዱካ ጥለው ያልፋሉ። ዊሊያም ፔይንተር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 በባልቲሞር ከተማ ቆርኪን ሲያስመዘግብ ሐሳቡ ጠርሙስ መክደን ብቻ ነበር፤ ለዓለም ሕፃናት ጎማ እየሠራ እንደነበር ማን በነገረው!

«በምን ለካኸው?» አልኩት ልጁን።

«በጎማው ነዋ።»

«እኮ እንዴት?»

«ወፍጮ ቤት ሲያራግፍ ቆሞ አገኘሁት። እንጨት በጎማው ልክ ቆረጥሁና በእሱ ለካሁት። ርዝመቱ ስምንት ጎማ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አራት ከግማሽ ነው። ከፍታው ሦስት አይሞላም። ጎኑ ሁለት ጎማ ከትንሽ ነው።»

ከዚያ ስምንት ቆርኪ መሬት ላይ በመስመር ደርድሮ አይሱዙውን አጠገባቸው አስተኛልኝ። ከጫፍ ጫፍ ገጠመ! ሜትር አውጥቼ ለካሁት፤ 25 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ። ይኸውም ስምንት ሜትር ገደማ የሆነ መኪና ለ32 ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ፣ የግሪክ ቤተ መቅደስ ሠሪዎች የዓምዱን ውፍረት መለኪያ አድርገው ሕንፃውን በሙሉ በእሱ እንደሚመጥኑ ጽፎ ነበር። ዓምዱን ካወቅህ ቁመቱንም፣ ስፋቱንም፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ያለውንም ክፍተት ታውቃለህ። ይህ ልጅ ያንኑ ጥበብ በቆርኪና በአንድ ዘንግ እንጨት አግኝቶታል። ኮምፒውተር የለ፣ ማስመሪያ የለ፣ ማካፈል የለ፤ ጎማውን ብቻ እየቆጠረ ስኬሉን አይስትም። ጎማው ቢቀየር ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ለዶልፊን ሲሆን ጎማው ትንሽ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ በዚያችው ቆርኪ የሚሠራው ዶልፊን ከአይሱዙው አንጻር ይተልቃል፤ ሒሳቡን ብትሠሩት ወደ 1 ለ 22 ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ትንንሽ መኪናዎችን የሚሠሩት በ1 ለ 24 ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም አለ?

አገዳውስ ቢሆን ዝም ብሎ የተለቀመ እንዳይመስላችሁ። ወቅቱ ከኅዳር ወዲህ ነው፤ እርጥቡ አገዳ ሲደርቅ ይኮማተራልና አይሆንም። በጣም የደረቀው ደግሞ ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጊዜ ያውቋታል። ባኮ የምርምር ማዕከል ያወጣው ቢ ኤች 660 ቁመተ ረጅም በቆሎ በመሆኑ ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ቁራጭ ይረዝማል፤ ለካሶኒ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው። አገዳው ሲላጥ ሁለት ዕቃ ይሰጣል። ልጣጩ ጠንካራ ነው፣ ይታጠፋል፣ ስንጥር ይሆናል። ውስጡ ነጭ፣ ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ስንጥር ሲወጋበት ጨምድዶ ይይዛል፣ አይለቅም። እንግዲህ ከአንድ አገዳ ሚስማሩም ሳንቃውም ወጣ! ጋቢናው ከለስላሳው ይቀረጻል፣ የካሶኒው ስፖንዳ ከልጣጩ ይደረደራል፣ ሁሉም በስንጥር ይጋጠማል። ጠብታ ማጣበቂያ የለበትም። ጠበቅ ማለት ያለበት ቦታ ላይ የግራር እሾህ ይገባል። ስፖንዳው እንደ እውነተኛው ይከፈታል፤ ማጠፊያው ክር ነው። ካሶኒው ላይ ከማዳበሪያ ጨርቅ የተሰፉ አውራ ጣት የሚያክሉ ጆንያዎች ተጭነዋል። አንዱን ፈትቼ አየሁት፤ ውስጡ የበርበሬ ፍሬ ነው! የቡሬን በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ ነው እንጂ ባዶ መኪና አይደለም።

ፍኖተ ሰላም ስትገቡ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማ ነውና ቆርቆሮ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ገራዥ አለ። የከተማው ልጅ አይሱዙ ከዘይት ቆርቆሮ ይወለዳል። ቆርቆሮው በመቀስ ተቆርጦ፣ ዳሩ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ደግሞ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ላሜራ ሠራተኛው የእውነተኛውን በር ዳር የሚያጥፈው ለዚሁ ነው። ቸርኬው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ዙሪያው ላይ ከተበጠሰ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ይለበስበታል። ሽቦው በፒንሳ እየተጠማዘዘ ሻንሲ ይሆናል። የፊቱ ዘንግ መሐሉ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚያያዝ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ከእሱ የሚነሣ ረጅም ሽቦ በጋቢናው ጣሪያ አልፎ እስከ ልጁ ደረት ይወጣና ጫፉ ክብ መሪ ይሆናል። ልጁ ከኋላ ቆሞ እየሮጠ ይነዳል። ኩርባ ላይ መሪውን ሲጠመዝዝ የፊት ጎማው ይታዘዛል። ጉድጓድ ይሸሻል፣ ሰው ያሳልፋል፣ ሲያቆም ወደኋላ ብሎ ጥጉን ይይዛል!

አንዱን ታዳጊ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ገራዥ አካባቢ የሚውል፣ እጁ የሠለጠነ ልጅ ነው። የፊት መስታወቱ ሃይላንድ ነው። ከጠርሙሱ ወገብ ነው የሚቆርጠው፤ እዚያ ጋ ያለው ጉብታ ለጋቢናው የሚያስፈልገውን ክብነት ሠርቶ ይሰጠዋል፣ ማጠፍ አያስፈልገውም። መብራቱ የክኒን ማሸጊያ ነው፤ ክኒኑ የነበረባት ያች ጉልላት ያላት ፕላስቲክ ተቆርጣ፣ ከኋላዋ የማስቲካ ብር ወረቀት ተደርጎባት፣ ፀሐይ ሲነካት ቦግ ትላለች። ስፖኪዮውም ያው ብር ወረቀት ነው፤ በሽቦ ክንድ ላይ ተወጥሮ ወደ ኋላ ያያል። ፍሬቻው ቢጫና ቀይ የከረሜላ ወረቀት ነው።

ቀለሙን ሲቀባ ማየት አለባችሁ! በርና መስኮት ከሚቀባ ሰው ጣሳ ሥር የተረፈ የዘይት ቀለም ነው፤ ጠጥሮ ጓል ስለሚሠራ በአሮጌ ስቶኪንግ ያጠልለዋል፣ በተነር ያቀጥነዋል። ገራዥ ውስጥ ያሉት ቀለም ቀቢዎች በኮምፕሬሰር ከመርጨታቸው በፊት እንዲህ ሲያደርጉ አይቷል። ቆርቆሮውን መጀመሪያ በአሸዋ ይፈገፍገዋል፤ አለዚያ ቀለሙ አይይዝም፣ ይላጣል። ከዚያ አንድ ስስ እጅ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያውለዋል። ይጠብቃል! በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ቀለም እስኪደርቅ ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ሁለተኛውን ይደርባል። እኔ ከታሚያ መመሪያ ወረቀት ላይ ያነበብሁትን እሱ ከገራዥ አጥር ሥር ተምሮታል። ትልቁን ገጽ በብሩሽ፣ ጽሑፉን በመፋቂያ። ጫፉ የታኘከ የወይራ መፋቂያ ከየትኛውም ብሩሽ ይቀጥናል። በዚያ መፋቂያ ታርጋውን ጻፈ፤ ነጭ መደብ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ኮድ 3፣ ከጎኑ «አማ»። የንግድ መኪና መሆኑ አረንጓዴነቱ ላይ ነውና ቀለሙን አልሳተም። ግንባሩ ላይ ደግሞ እንደ ሹፌሮቹ «አምላክ ይቅደም» ብሎ በደማቅ ቀይ ጻፈበት።

ውጭ አገር ያሉ ሞዴል ሠሪዎች መኪናቸውን ሠርተው ሲጨርሱ አዲስ መስሎ መታየቱ አይበቃቸውም፤ የመንገድ መልክ እንዲኖረው አቧራ የሚመስል ዱቄት በገንዘብ ገዝተው ይነሰንሱበታል። የፍኖተ ሰላም ልጅ አይሱዙውን አንድ ጊዜ መንደር ለመንደር ነድቶ ሲመለስ የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ከፓራፋንጎው ሥር፣ ከባሌስትራው ላይ፣ ከታርጋው ጥግ ገብቶ ይቀመጣል። ያውም ትክክለኛው አፈር፣ በትክክለኛው ቦታ!

እዚህ ላይ ቅጥቅጥን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ከጅጋ ወደ ቡሬ ገበያተኛ ጭኖ የሚሮጠው ያ አውቶቡስ ከፋብሪካ አውቶቡስ ሆኖ አልወጣም። ጭነት መኪና ነበር፤ አካሉን አገር ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ብረት በይደው፣ መስኮት ቀርጸው፣ ወንበር ደርድረው፣ ጣሪያው ላይ ፖርታባጋሊ አቁመው ሰው መጫኛ አደረጉት። ስለዚህ ልጁ የቅጥቅጥን ሞዴል በቆርቆሮ ሲሠራ፣ ባለሙያው በሠራበት መንገድ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ሻንሲውን ያገኛል፣ ከዚያ አካሉን በላዩ ይቀጠቅጣል። አኦሺማ ቅጥቅጥን በካርቶን አሽጎ አይሸጥም፤ ታሚያም አይሸጥም። የዚህ መኪና ሞዴል ያለው እኛ አገር ልጆች እጅ ላይ ብቻ ነው!

ክረምት ሲገባ አገዳ የለም፣ ቆርቆሮውም ይዝጋል። ያኔ ጭቃ ነው። ዋልካ አፈር ተቦክቶ በሬና ላም ይሠራበት የነበረው ያው ጭቃ አሁን ባጃጅ ይሠራበታል። ባጃጅ ለጭቃ ምቹ ነው፤ ክብ ነው፣ ሦስት እግር ነው፣ ቀጭን ነገር የለውም። ብዙ አልቆይበትም፤ ልቤ ያለው አገዳው ላይ ነው።

ቡሬ ውስጥ ሻይ ቤት የተገናኘኋቸው አንድ አዛውንት ስለዚህ ሳወራቸው ዓይናቸው በራ። «እኛ እኮ የምንሠራው ኤንትሬ ነበር፤ አፍንጫ የለውም፣ ግንባሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ለመቅረጽ የሚመች» አሉኝ። ኤንትሬ ማለታቸው ፊያት 682 ኤን 3ን ነው፤ 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ተሠርቶ መውጣት የጀመረና የኢትዮጵያን ዳገት ሁሉ የሚያውቅ መኪና ነው። አዛውንቱ ጣታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ጠረጴዛው ላይ የፊቱን መስመር ሠሩልኝ፤ ሁለት መስታወት፣ መሐሉ ላይ ዘንግ፣ ከሥሩ የፊያት ምልክት ያለበት ፍርግርግ። ስንት ዓመት አልፎ አንዲት መስመር አልሳቱም! የምዕራብ ጎጃም ልጆች የሠሯቸውን መኪናዎች በሙሉ በዕድሜ መደርደር ቢቻል፣ በዚህ መንገድ ያለፈው መኪና ታሪክ በሙሉ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ ከኤንትሬ ጀምሮ በአይሱዙ አልፎ እስከ ሲኖ።

በዓለም ላይ ብቻቸውን እንዳልሆኑም አውቃለሁ። ማላዊ ውስጥ የሽቦ መኪና ጋሊሞቶ ይባላል፤ ከቆሻሻ በለቀመው ዕቃ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሠርቶ ዓለምን ያስደነቀው ዊሊያም ካምክዋምባ በልጅነቱ ከቢራ ካርቶንና ከቆርኪ የጭነት መኪና ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ዛምቢያም፣ ዚምባብዌም፣ ኬንያም አለ። ግን ያንን ባሌስትራ፣ ያንን የተገለበጠ ቸርኬ ሌላ ቦታ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ሄጄ አየዋለሁ።

እነዚህ መኪናዎች ዕድሜ የላቸውም። አገዳ መኖ ነው። የማንኩሳው ልጅ ከዚህኛው በፊት የሠራውን ኤን ፒ አር ጥጃ በልታበታለች፤ ሲነግረኝ ቅር ያለው አይመስልም። «አሮጌ ነበር፤ ጋቢናውም ጠቦ ነበር» አለኝ። የሚቀጥለው ይሻላል ማለቱ ነው፤ ይሻላልም፣ ምክንያቱም አሁን የሚሠራው ሲኖ ነው፣ ከነተሳቢው! ሲኖው ብቻውን አሥር ጎማ ነው፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ በሁለት ዘንግ ስምንት። ተሳቢው ሦስት ዘንግ ስላለው፣ ሁሉም ጥንድ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት። ድምሩ ሃያ ሁለት ቆርኪ። ግን ያስቸገረው የቆርኪው ብዛት አይደለም። ተሳቢው ኩርባ ላይ የሲኖውን ዱካ ተከትሎ እንዲዞር የፊት ዘንጉ ብቻውን መሽከርከር አለበት፤ እሱን አይቷል፣ እውነተኛው ላይ ያለችውን ክብ መጋጠሚያ ጎንበስ ብሎ አይቷታል። ሁለት ቆርኪ ፊት ለፊት አጋጥሞ፣ መሐሉን በእሾህ ወግቶ ሞክሯል፤ ጥርሶቹ እየተያያዙ አስቸገሩት። አሁን ጥርሱን በድንጋይ ቀጥቅጦ ሊያስተኛው ነው።

«ታዲያ ቆርኪው ሃያ አራት ሆነ ማለት ነው» አልኩት።

«ምን ቸግሮኝ ጋሼ፤ ጥር ሲገባ ሰርግ ነው!» አለኝ።